ስድስተኛው ኆኅት

መንደሩ ስሙ ሳር ነው፤ ሳር ግን አልበቀለበት፣
ነጭ አሸዋ፣ ነጭ ግንብ፣ የባሕሬን ነጭ ቤት።
በጥር ስመጣ ስሙን ሰምቼ ሳቅሁ፤
በሰኔ ገባኝና ሳቄን መልሼ ዋጥሁ።

ዛሬ ዐሥራ አራት ነው፣ ከቀን ሁሉ ረጅም፤
በቀትር ልብስ ላሰጣ ጣራው ላይ ስቆም
ጥላዬን ፈለግሁት፤ ከእግሬ ሥር ተሸጉጧል፣
ሩብ ጫማ አይሞላም፣ ወደ ሰሜን አጮልቋል።

ወደ ሰሜን!
አባቴ መሪጌታ ልሳነወርቅ ይህን ቢያይ
ዳግም በለካው ነበር፣ ቆሞ ከዚህ ፀሐይ።
ሰዓት አልነበረውም፤ ጥላና ሁለት እግር ነበረው፣
ተረከዝ ከጣት እየገጠመ በደጀ ሰላሙ የሚቆጥረው።
"በሰኔ ጥላ ወደ ደቡብ ነው የሚወድቅ" ይል ነበር፣
"ፀሐይ በሰሜን ናትና፣ በስድስተኛው ኆኅት ስታድር።
ስድስት በር አላት በምሥራቅ፣ ስድስት በር በምዕራብ፤
ከበር በር ማለፏ ነው ዓመት፤ ሌላው የሰው ሒሳብ።
መጨረሻው በር ስትደርስ ጥቂት ቆም ትላለች፤
ዕቃ እንደረሳ እንግዳ ዞራ ትመለሳለች።"

እኔ ከቆርቆሮው የሚወርደውን ውኃ በእንስራ ስቀበል
ግማሹን ሰማሁ፤ ግማሹ ሄደ ከጎርፉ ጋር ሲንከባለል።
ደግሞስ በሰኔ ደመና
ያችን በር ማን አይቷት ያውቅና!

ደላል ስድስት ዓመቷ ነው። ቅርጫት አላት የዘንባባ፣
ገብስ የበቀለባት፣ አሁን ቢጫ፣ አንገቱን የደፋ።
በዐረፋ ዋዜማ የሰፈሩ ልጆች ባሕር ወርደው
"ሒያ ቢያ" ያሉትን ቅርጫት ለማዕበል ሲሰጡ ወርውረው
እሷን ትኩሳት ይዟት ነበር። ገብሱ ቀረ።
አልጥልም አለች፣ አላስጥልም አለች፤ በኩባያ እየጠጣ ኖረ።
"ለምንድን ነው የሚጣል?" ብዬ አያቷን ብጠይቃት
ቢቢ ሸሪፋ መቁጠሪያዋን አቆመች፣ አሰበች፣ ጨነቃት፤
"እናቴ ጣለች፣ እኔ ጣልሁ" አለች፤ "ከዚያ በላይ
እጅ ሲወረውር ዕድሜ ሲጠይቅ አላየሁም፣ አላይ።"

ሲመሽ ልጅቷን ይዤ ወደ ፍርስራሹ ወጣሁ።
ዘበኛው ሸፊቁል፣ የቤንጋል ሰው፣ በእርጥብ ፎጣ አንገቱን ጠምጥሞ
"ቤተ መቅደስ ነበር" አለን፣ አራት ጣቱን አቁሞ፤
"አራት ሺህ ዓመት። ያ ጥግ ይታይሻል? ዛሬ ጀንበር
እዚያ ትገባለች ይላሉ የቆፈሩት። እኔ ሦስት ዓመት ስጠብቅ
አንዴም ቀና ብዬ አላየሁም ነበር።"

በሌላ አገር፣ ይባላል፣ በዚች ቀን እሳት ያነዳሉ፣
ፀሐይ እንዳትደክም፣ እንዳትርቅ፣ ዙሪያውን ይዘላሉ።
እዚህ ግን እሳት ላይ እሳት ማን ይጨምርላታል?
እነዚህ ድንጋይ የጠረቡት ምን ብለው ለምነዋታል?
"እደሪ" ነው ወይስ "በቃሽ፣ ሂጂልን"?

ቆምን ሦስታችን።
ጀንበር ቀላች፣ ተንጣፈፈች፤
ከጎረቤት ቪላ የውኃ ታንከር ጋር ተጋጨች፤
ከዚያ ወረደች፣ ከጥጉ ጥቂት ስታ፣
ወይም እኔ ስቼ ቆሜ፣ ከሚቆሙበት ቦታ።

"ባሕሩስ?" አለች ደላል ቅርጫቷን አቅፋ።
ባሕሩ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ነው፣ ሩቅ።
ሸፊቁል ጠርሙሱን አየ፣ ለሌሊቱ ያስተረፋት፤
ከአንድ ጎድጓዳ ድንጋይ ላይ ግማሹን አፈሰሰላት።
"ይኸው ባሕር" አላት።
ወረወረች።
ገብሱ ተንሳፈፈ፣ ትንሽ ቆየ፣ ዘመመ።
ማንም ምንም አላለም።

በሩ የብረት ነው፤ ሲዘጋ ይንሲጣጣል።
ደላል ባዶ እጇን በእጄ ውስጥ አሳደረች፤ ላቧ ይሞቃል።
ቤት ደርሰን ጫማዬን ሳወልቅ ልብሱ ትዝ አለኝ፤
ከቀትር ጀምሮ ጣራ ላይ፣ በጨለማ፣ ደርቆ እየጠበቀኝ።
ዞሬ ወጣሁ።